ዝም ካሉት አንዷ

ሥራዬ የሰው ስም ስንት ጊዜ እንደተጠራ መቁጠር ነው።

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የብረት ቁም ሣጥን ያለበት ጠባብ ክፍል አለ። በሩ ላይ «የምርምር መረጃ» ይላል። መምህራን የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቁ ፋይላቸው መጀመሪያ ወደ እኛ ይመጣል። ምን ያህል ጽሑፍ እንዳሳተሙ፣ እያንዳንዱም ጽሑፍ በሌሎች ሰዎች ሥራ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ እናጣራለን፤ በሠንጠረዥ አስቀምጠን፣ ማኅተም መትተን ለኮሚቴው እንልካለን። ቆጠራው የእኔ ነው። ማኅተሙ የአለቃዬ ነው። ከእጃቸው ስለማይለዩት ግቢው በሙሉ እትዬ ማኅተም ይላቸዋል፤ እሳቸውም ጠልተውት አያውቁም።

ሥራውን የወደድኩት አፍ ስለማይጠይቅ ነው። ልጅ ሳለሁ ዘመዶቻችን «ይቺ ልጅ ምላሷን የት ጥላው መጣች?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ምላሴስ አልጠፋም። ብቻ ቃሉ ከሆዴ ተነሥቶ አፌ እስኪደርስ፣ ሰዉ ወሬውን ለውጦ ሌላ ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ይጠብቀኛል።

እሱ የመጣው እትዬ ማኅተም ለምሳ በወጡበት ሰዓት ነው። ሁለት ወፍራም ፋይል በብብቱ፣ እስክሪብቶ በጥርሱ ይዞ ገባ። እስክሪብቶውን አወጣና፣

«ጤና ይስጥልኝ። የዕድገት ፋይል የሚገባው እዚህ ነው?» አለ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ማለቴ፣ ዛሬ ይቀበላሉ? ምሳ ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ አስተምራለሁ፣ ነገ ደግሞ ፈተና አለኝ፣ ከነገ ወዲያ…» ቆመና ፊቴን አየ። «አይሆንም ይሆን?»

አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አይሆንም። ልክ ነዎት። እኔም ራሴ በምሳ ሰዓት ተማሪ ሲመጣብኝ አልወድም። ነገ እመጣለሁ። ፈተናው ግን… እሺ፣ ከነገ ወዲያ።»

ወጣ። በሩ ሊገጥም ሲል ተመልሶ አንገቱን አስገባ።

«ይቅርታ፣ ‹አይሆንም› ያሉት እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ፋይሎቹን ተቀበልኩትና ሽፋኑ ላይ ስሙን ሳነብ ማን እንደሆነ ገባኝ። የፖለቲካ ሳይንስ መምህሩ ነው፤ ተማሪዎች «ዶክተር ዝምታ» የሚሉት። ስሙን ያወጡለት በጠባዩ አይደለም፤ ዝም ሲል ያየው ሰው የለም። በጽሑፉ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት «ዝም ያሉት» በሚል ርእስ አንድ ጥናት አሳትሟል። የስልሳ የሰፈር ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ አንብቦ፣ ሰዎች በስብሰባ የሚወሰነውን ነገር ምን ያህል እንደሚደግፉ ያሰላበት ነው። ውጤቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ከአሥር ተሰብሳቢ ስምንቱ ይስማማል። ይህች ዓረፍተ ነገር ባሕር ተሻግራ ሄደች። ሰውየው በሕይወቱ ሃያ ሦስት ጽሑፍ አሳትሞ በጠቅላላው ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ጊዜ ተጠቅሷል። ከዚያ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ለዚያ ለአንዱ ጽሑፍ ነው።

ፋይሉ በመጣበት ዓመት መመሪያው ተለውጦ ነበር። ኮሚቴው «ቁጥር ብቻ አይበቃንም» አለ። መምህሩ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰበትን ጽሑፍ ወስደን፣ የጠቀሱት ሰዎች ከጽሑፉ ምን እንደወሰዱ አንድ ገጽ መግለጫ እንድንጽፍ ታዘዝን። ሌላ ሰው ቢሆን አሥሩን ያህል አንብቦ የሚጽፈው ይመስለኛል። እኔ ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም ለማንበብ ተቀመጥኩ። ሥራ ከጀመርኩ መሐል መንገድ ላይ መተው አላውቅበትም።

የጎደለ ወረቀት ሊያሟላ በየሁለት ቀኑ ይመጣ ጀመር። አንዳንዱ ወረቀት ጎድሎ አልነበረም፤ እትዬ ማኅተም ያንን ከእኔ በፊት አውቀዋል።

«ይሄን እኮ ባለፈው ሳምንት አምጥተኸዋል፣ ልጄ» ይሉታል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይቺ ጥራት ያላት ኮፒ ናት።»

«ጥራት ያላት! እኔ መቼ አጣኋት ጥራት ያላትን።» ይሉና ወደኔ ያያሉ። እኔ ወረቀቴ ውስጥ እገባለሁ።

ከእሱ ጥናቶች ሁሉ የወደድኩት ማንም ያልጠቀሰውን ነው። ስምንት ገጽ ናት። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ወንበር የሚደረድሩ ሰዎችን ተከታትሎ፣ አብዛኞቹ ስብሰባው ሲጀመር ወጥተው እንደሚሄዱ፣ የሚወሰነውም ነገር የሚነካው እነሱኑ እንደሆነ ይናገራል። በሠንጠረዤ ላይ ከአጠገቧ ዜሮ ጻፍኩ። እጄ ግን ከበደኝ።

አንድ ቀን እትዬ ማኅተም ማኅተማቸውን ይዘው ወደ ታች ሲወርዱ እንደምንም አወጣሁት።

«የወንበሩን አንብቤዋለሁ።»

«የምኑን?»

«የወንበር ደርዳሪዎቹን።»

ሲያወራ የነበረውን ነገር ተወ። «ያንን? ያንን እኮ እናቴም አላነበበችው። ምን አሉት ታዲያ?»

«ሁለት ጊዜ አነበብኩት።»

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ልበልሽ?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ ግን «አንተ» ማለት አልቻልኩም። ቃሉ በጣም ቅርብ ሆነብኝ፤ ሰው በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ።

መቶ ስድሳኛው ጽሑፍ ላይ ስደርስ ያላማረኝ ነገር መጣ። ሁሉም የሚጠቅሱት ያችኑ ዓረፍተ ነገር ነው። ጨርሼ ስደምር መቶ ዘጠና አንዱ እሷን ብቻ ወስደዋል፤ ሃያ አንዱ ጽሑፉን በስም ብቻ ነክተው አልፈዋል። ሁለት ሰዎች ብቻ አንድ ሌላ ነገር አይተዋል፦ የግርጌ ማስታወሻ ሠላሳ አንድን። በገጽ አሥራ ሰባት ግርጌ፣ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ ትላለች፦ «እጃቸውን ያላወጡና ያልተናገሩ ተሰብሳቢዎች እንደ ደጋፊ ተቆጥረዋል።»

ጽሑፉን ከሥሩ አየሁት። ከአሥሩ ሁለት ደግፈው ተናግረዋል። ሁለት ተቃውመዋል። ስድስት ዝም ብለዋል። ስምንት የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው።

አምስት ቀን ያህል ለማንም ሳልናገር ይዤው ዞርኩ። በስድስተኛው ቀን ወንድም ጋሼ ስልክ ደወለ።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው በአውቶቡስ የስምንት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ከተማ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ስለ ቤቱ ነገር የሚያስበው እሱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እማዬ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ደረጃው ለእማዬ ጉልበት አልሆነም» አለ። «ቤቱ ይሸጥ። ሁለታችሁም እኔ ጋ ኑ። ለሷ ጓደኛዬ ቢሮ ውስጥ ሥራ አይቼላታለሁ፤ እዚያም ወረቀት ነው፣ እዚህም ወረቀት ነው። ምን ይመስላችኋል?»

እማዬ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ታለሳልሳለች። እኔ የስልኩን መስተዋት አያለሁ።

«እንግዲህ ተስማምተናል ማለት ነው። በቃ፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ ልጆቹ ይጮሁብኛል፣ ቻው።»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ተቆጠርኩ።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ መምህሩ መጽሐፍ ሊመልስ መጥቶ፣ በመደርደሪያዎቹ መሐል ባለው መስኮት አጠገብ አገኘሁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ሁለት ጠይቂኝ።»

«የግርጌ ማስታወሻ ሠላሳ አንድ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «እሱን ደግሞ ማን ያነበዋል?»

«ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሁለት ሰው።»

«አየሽ፣ ቃለ ጉባኤዎቹ ‹ተቃውሞ አልቀረበም› ነው የሚሉት። እኔ ምን ላድርግ? ስድስቱን ሰው ባዶ ልተወው? ገምጋሚዎቹም ምንም አላሉኝ። ደግሞስ ሰው ካልተስማማ ይናገራል…»

«አይናገርም።»

«እንዴት አይናገርም?»

መጽሐፍ መደርደሪያውን በእጄ ያዝኩ።

«ትናንት ቤታችን ስብሰባ ነበረ። ሦስት ሰው። ወንድሜ ተናገረ፤ እናቴና እኔ ዝም አልን። ቤታችን እንዲሸጥ፣ እኔም ሥራዬን ለቅቄ እሱ ወዳለበት ከተማ እንድሄድ ተወሰነ። በእርስዎ ሠንጠረዥ ሦስት ለዜሮ ነው።»

«አንቺ ግን…»

«እኔ አልተስማማሁም። ዝም ነው ያልኩት።»

ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ፊቴ ጋለ። እሱ መጽሐፉን አቅፎ ቆመ። ከታች በር የሚከፈትና የሚዘጋ ይሰማል። ቆይቶ፣ «ልሂድ» አለና ሄደ። መጽሐፉንም ሳይመልሰው ነው የሄደው።

ዘጠኝ ቀን አልመጣም።

«ይቺ ገጽ ለምን ባዶ ሆነች?» አሉኝ እትዬ ማኅተም በስምንተኛው ቀን የእሱን ፋይል ገልጠው።

«የምጽፈው ነገር ይጎዳዋል።»

«ሐሰት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ማኅተሜ እየጠበቀሽ ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰውየው ሰው ከሆነ ይገባዋል። ካልገባውም ከአሁኑ ብታውቂ ይሻልሻል» አሉ።

ጻፍኩት። ስንቱ ሰው ምን እንደወሰደ፣ የግርጌ ማስታወሻዋም ምን እንደምትል፣ ምንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ። እሳቸውም ማኅተማቸውን ጓ አድርገው መቱበት።

በአሥረኛው ቀን ጺሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አዲስ ሠንጠረዥ ነው። ድሮ ሁለት የነበረው ዓምድ ሦስት ሆኗል፦ የደገፉ፣ የተቃወሙ፣ ያልታወቀ።

«ስልሳውን ቃለ ጉባኤ እንደገና አነበብኩት» አለ። «ሁለት ለሁለት ነው። ስድስቱን አላውቃቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ የማውቃቸው መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አሉ እትዬ ማኅተም።

«ለመጽሔቱ እርማት ልኬያለሁ። ዛሬ ጠዋት።»

«ዛሬ! ኮሚቴው ሊቀመጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው! ሰው በገዛ ጣቱ ዓይኑን ይወጋል? ከዕድገቱ በኋላ ብትልከው ማን ይከስሃል?»

«ማንም አይከሰኝም» አለ። «ግን እሷ የጻፈችው እውነትና የኔ ‹ከአሥር ስምንት› በአንድ ፋይል ሲታሠሩ ይታየኛል። እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እትዬ ማኅተም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ ማኅተማቸውን ብድግ አድርገው፣ «ወደ ሬጅስትራር ጉዳይ አለኝ» ብለው ወጡ። ሬጅስትራር በዚያ ቀን ዝግ ነበር።

ቁጭ በል ያለው ሳይኖር በእትዬ ማኅተም ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሲፈልግ አየሁት።

«ወንድምሽ ዘንድ መቼ ነው የምትሄዱት?»

«በሁለት ወር ውስጥ።»

«አትሂጂ የማለት መብት የለኝም። ግን ሳልነግርሽ ብትሄጂ ራሴን አልምረውም።» እጆቹን አየ። «እወድሻለሁ። ቁጥር እየደመርሽ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ ማየት እወዳለሁ። የጻፍኩትን ሁሉ ያነበበ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ስህተቴንም የነገረኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። አብሬሽ መኖር እፈልጋለሁ። ትፈቅጃለሽ?»

እሺ የምትለው ቃል ከሆዴ ተነሣች። ስትነሣ ተሰምታኛለች። ደረቴ ላይ ስትደርስ ልቤ ውስጥ ተሰነቀረች። ዓይኔ ሞላ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠንጠረዥ ደበዘዘብኝ። አንዲት ፊደል አልወጣችም።

ጠበቀ። ከወትሮው በጣም ረዝሞ ጠበቀ። አንድ ጊዜ እንኳ በእኔ ምትክ አልመለሰም።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ግዴለም» አለ። «በፊት ቢሆን ይሄን ዝምታ እሺ ብዬ ጽፌው፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባ ነበር። እንደዚያ አላደርግም። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ፣ በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ።

በገዛ እጄ ያስተማርኩት ትምህርት መልሶ እኔኑ መታኝ። ያ ሰው ያቺን አንዲት ቀን ብቻ እንደ ድሮው ቢቆጥረኝ ምን ነበረበት!

ከዚያ ወዲያ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ያሳልፈኛል። «ደህና ዋሉ?» ይለኛል። «ዋልሽ» አይለኝም። ወደ «እርስዎ» መልሶኛል፤ አክብሮት እንዲህ እንደሚቆርጥ አላውቅም ነበር።

እርማቱ ታተመ። ግማሽ ገጽ ናት። ኮሚቴው ተቀመጠና ዕድገቱ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ወሰነ። ደብዳቤው በእኛ በኩል አለፈ፤ መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን ስፈትሽ አሮጌው ጽሑፍ አራት ጊዜ አዲስ ተጠቅሷል። እርማቱ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም።

«ጻፊለት» አሉኝ እትዬ ማኅተም አንድ ጠዋት፣ ለማን እንደሆነ ሳይሉ። «እንደ ወረቀትሽ ቆንጆ አድርገሽ ጻፊለት።»

ሞክሬ ነበር። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። መጥፎ ሆነው አልነበረም፤ ያማሩ ነበሩ። መጻፍ ለኔ መደበቂያ ነው። እሱ ሊሰማ ሲጠብቅ እኔ ወረቀት ጀርባ ሆኜ እጄን ብቻ ባወጣ ምን ዋጋ አለው አልኩ።

ወንድም ጋሼ እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪና ተከራይቶ፣ ባዶ ካርቶን ጭኖ መጣ። ቤቱ ገዢ አግኝቶ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ ሳሎኑ መሐል ተንበረከከና ሳህን በጋዜጣ ይጠቀልል ጀመር።

«የአንቺን መጻሕፍት ለብቻ እናሽጋቸዋለን፣ ሚጢዬ» አለኝ። በሃያ ስምንት ዓመቴም ሚጢዬ ነኝ። «እነሱ ይከብዳሉ።»

«ወንድም ጋሼ።»

«አቤት።»

«እኔ አልሄድም።»

ካርቶን ማሸጊያው ፕላስተር ጣቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«አልሄድም። አልተስማማሁም።»

«ዛሬ? ካርቶን ጭኜ ከመጣሁ በኋላ? በስልክ ጠይቄሽ የለም እንዴ! ዝም ብለሽ የለም!»

«ዝም ብያለሁ።»

«ታዲያ ዝም ካልሽ ምን ልበል?»

«ዝም አለች በለኝ።» ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይወጣል። «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። መናገር ነበረብኝ። እማዬም እንደኔው ናት፤ ይሄን ቤት ትታ መሄድ አትፈልግም። እማዬ፣ ንገሪው እንጂ።»

እማዬ ኩባያ እንደያዘች ቀና አለች። «እኔ? ኧረ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ሁለታችንም ዞረን አየናት።

«ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው» አለች። «የልጅ ልጆቼንም በፎቶግራፍ ማሳደግ ሰለቸኝ። ያን ቀን ዝም ያልኩት ደስታዬን አይታ ይቺ ልጅ ቅር ይላታል ብዬ ነው።»

ሳቄ መጣ። ሁለት ወር ሙሉ እናቴን በሆዴ ከእኔ ጎን አሰልፌ፣ ሁለት ለአንድ እያልኩ ስቆጥር ከርሜያለሁ። አጠገቧ እየበላሁ፣ አጠገቧ እየተኛሁ፣ አንድ ጊዜ አልጠየቅኋትም። በሰው ሠንጠረዥ ላይ ያየሁትን ስህተት በገዛ ቤቴ ሠርቼዋለሁ።

«ብቻሽን የት ልትኖሪ ነው?» አለ ወንድም ጋሼ፤ ቁጣው ወደ ጭንቀት እየተለወጠ።

«ከቤተ መጻሕፍቱ በታች የሚከራይ ክፍል አይቻለሁ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ሰው አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ማነው?»

«እሱ ግን መኖሩን ገና አያውቅም። ጠይቆኝ ዝም ብዬዋለሁ።»

«ለሱም!» ፕላስተሩን መሬት ላይ ጣለው። «እንግዲህ ያንን ሰው እግዜር ይርዳው!» እማዬ ኩባያውን አስቀምጣ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። ወንድሜም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብለን ምን የማን ካርቶን ውስጥ እንደሚገባ ስንለይ አመሸን። የእማዬን ዕቃ ሳሽግ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ማኅተምን ፈቃድ ጠየቅኋቸው። «ለምን ጉዳይ?» አላሉኝም። «ኮሌታሽን አስተካክዪ» ብቻ አሉኝ።

የፖለቲካ ሳይንስ ቢሮዎች ያሉት ከእኛ ማዶ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእሱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በኮሪደሩ ላይ ስድስት ተማሪዎች የፈተና ወረቀታቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል። ወደ በሩ ስጠጋ አንዷ፣

«እህት፣ ሰልፍ አለ» አለችኝ።

ተመልሼ ከኋላ ተሰለፍኩ። ከእኔ በኋላ ደግሞ ሌሎች ሦስት መጡ። አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ከውስጥ ድምፁ ይሰማኛል፤ ለአንዱ ልጅ ሁለት ነጥብ ለምን እንደጎደለው የሩብ ሰዓት ንግግር ያደርግለታል። ሁለት ጊዜ እግሬ ወደ ደረጃው ዞሯል። አልሄድኩም። ቃሌን እንደ ሞላ ብርጭቆ ይዣት ቆምኩ።

ተራዬ ደረሰ። ቀና ሲል ከወንበሩ ተነሣ።

«እርስዎ! ምነው በሰልፍ… ፋይሉ ላይ የጎደለ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሊሰናበቱ ነው የመጡት? ሰምቻለሁ፣ ቤቱ…»

«ቆይ» አልኩት። «አንዴ አትናገር። አንተ ከተናገርክ እኔ አልችልም።»

«አንተ» ስለው ፊቱ ተለወጠ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እሺ ነው» አልኩ። «ያን ቀን ዝም ያልኩት እሺ ነበር። አልወጣ ብሎኝ ነው። ቤቱ ተሸጧል፤ እናቴ ትሄዳለች፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። የምቀረው ባንተ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ሥራዬንም ስለምወደው ነው። ግን እወድሃለሁ። አብሬህ መኖር እፈልጋለሁ።»

ድምፅ መመጠን ስለማላውቅ በጣም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከጀርባዬ ኮሪደሩ ጸጥ አለ። የወረቀት ኮሽታ እንኳ ቆመ።

እሱ ከንፈሩን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው። ዝምታው ረዘመ። ምን እንደሆነ አልገመትኩም። በየትኛውም ዓምድ አላስገባሁትም። ቆሜ ጠበቅሁ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ በተሰበረ ድምፅ።

«ምኑን ነው እሺ የምትለው?» አልኩት። «የጠየቅኸው እኮ አንተ ነህ።»

ያኔ ሳቀ፤ ዓይኖቹ ጠፉ፤ ከተዘጉበትም እንባ ወጣ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ እጄን ያዘው። ከውጭ አንዱ ተማሪ «እሰይ!» አለ፤ ሌላዋ «ዝም በል አንተ፣ ነጥብህን እንዳያስቀንስህ» አለችው።

ከሁሉ ፊት ቆሜ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ልዘጋው አልተንቀሳቀስኩም።